የማይወርደው ተሳፋሪ

ክረምት በመጣ ቁጥር የምናገረው ያንኑ ነው፤ የሚሰማኝም የለም። የድንጋይ ከሰሉ ጭስ ቢያልቅም ጣጣው አላለቀምና ቤት ውስጥ አታስገቡት እላለሁ። በክሊኒኩ ወረፋ ላይ ብያለሁ፣ በቤተ ክርስቲያን ብያለሁ፣ የዕድር ስብሰባ ላይ ሳይቀር ተነሥቼ ብያለሁ። ሴቶቹ በትሕትና ራሳቸውን ይነቀንቁና ሲመሽ ያንኑ የተበሳሳ ቆርቆሮ፣ ምባውላቸውን፣ ደጅ አውጥተው ያነዱታል። ጥቁሩ ጭስ ወጥቶ እስኪያልቅ በብርድ እየተንዘፈዘፉ ይጠብቃሉ። ፍሙ ሲቀላ በሽቦ እጀታው አንጠልጥለው ያስገቡትና በሩን ይዘጋሉ። በሰፈራችን በኩዋንጎዳ ከሰል የማያውቅ ሰው የለም፤ የምንኖረው በማዕድኑ ላይ ነው፣ ባሎቻችን የሚያስሉት ከእሱ የተነሣ ነው፣ የታጠበ ልብሳችን የሚጠቁረውም በእሱ ነው። እንግዲህ ስለ ከሰል ነርስ ልታስተምረን ነው ይላሉ። እሳት ካየው ምን ለየው፤ የቀላ ፍም ለእነሱ የጠራ ነገር ነው። ውኃ ቢወቅጡት እምቦጭ ሆነብኝ፤ እኔም መውቀጡ ደክሞኛል።

ያን ዓርብ ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ ለቅሶ ልድረስ ብዬ አሮጊቷ ማሲቢያ ቤት ጎራ አልኩ። ልጃቸው ሙዚ እሑድ ዕለት ታክሲ ተራ ላይ ወረፋውን ሲጠብቅ ወድቆ ነው የሞተው፤ ልቡ ነው አሉ። ገና ጎልማሳ ነበር። በሙዚ ታክሲ ያልተሳፈረ የሰፈራችን ሰው የለም። እኔንም እግሬ ባበጠ ቀን ሌሎቹ እያጉረመረሙበት መንገዱን ለውጦ እበራፌ ድረስ ስንቴ አውርዶኛል። ቀብሩ ለቅዳሜ ተቆርጧል፤ ሬሳው በዚያው ዓርብ ከሰዓት በኋላ ወደ ቤት ይመጣና ሚስቱ አጠገቡ ታድራለች።

ግቢው ውስጥ የሙዚ ባልንጀራ ዱሚሳኒ ታክሲዋን ተደግፎ ሲጋራ ያጨሳል። ሁለቱ ያቺን አንዲት ሚኒባስ በፈረቃ ይነዷት ነበር፤ አሁን ድንኳን ሊያመጣባት ነው። ዓይኑ አብጧል። ሴቶቹ ወዴት ሄዱ ብዬ ብጠይቀው፣ ከባለ ሐዘኗ ጋር ያደሩት ሁሉ ራሳችንን ፈለጠን እያሉ ጎሕ ሳይቀድ ወደየቤታቸው ተበትነዋል አለኝ። ለቅሶ ያመጣው ነዋ፣ አለ። እኔ ግን ይህን ስሰማ ሰላምታውን ሳልጨርስ ገባሁ።

የሙዚ ሚስት ኖክዋንዳ እንደ ወጋችን ፍራሽ ላይ ናት። አልጋው ከክፍሉ ወጥቷል፣ ፍራሹ መሬት ተነጥፏል፣ መስተዋቱ ጨርቅ ለብሷል፣ መስኮቱም በወፍራም ብርድ ልብስ ተጋርዷል። ባሏ እስኪቀበር ድረስ ቦታዋ ያ ነው፤ ከአጥር ውጭማ አይታሰብም። የሰባት ወር እርጉዝ ናት። ግድግዳውን ተደግፋ ባልዲ አቅፋለች። ከጎኗ አማቷ ማሲቢያ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። ከእሑድ ጀምሮ አንዲት ዘለላ እንባ አላፈሰሱም፤ ሰፈሩ ሁሉ የብረት ምሰሶ ናቸው እያለ ያደንቃቸዋል። በማዕዘኑ ምባውላው ከላይ ዐመድ ለብሶ ከታች ይቀላል። ክፍሉ ይሞቃል፣ ሙቀቱ ደስ ይላል፣ ምንም አይሸትም። የሚያስፈራኝም ይኼ ነው።

ታስመልሳለች? አልኳቸው።

"እርግዝና ነው" አሉ ማሲቢያ።

"ራሷንስ ያማታል?"

"ባሏ የሞተባት ሴት ራሷን የማያማት የት አገር ነው ሲስተር?"

ብርድ ልብሱን ከመስኮቱ ገፈፍኩና በርግጄ ከፈትኩት። ዱሚሳኒን ጠርቼ ምባውላውን አስወጣሁ። ማሲቢያ ተነሥተው ብርድ ልብሱን ሊመልሱ ሲሉ ተንገዳግደው ግድግዳውን ያዙ፤ ጉልበቴ ነው አሉ። የሐዘን ቤት መስኮት የሚከፈተው ሬሳ ሲወጣ ነው፣ አንቺ ደግሞ ባሕላችንን ከየት አገር ሆነሽ ረሳሽው ብለው ተቆጡኝ። እኔና እሳቸው የተወለድነው አንድ መንገድ ላይ ነው።

ከቦርሳዬ ጣት ላይ የምትቆነጠጠውን የኦክስጅን መለኪያ አወጣሁና ኖክዋንዳ ጣት ላይ አደረግኩ። ባላወጣኋት ይሻል ነበር። ዘጠና ስምንት አለች። ማሲቢያ መነጽራቸውን ገፋ አድርገው አዩ።

"ከመቶ ነው?"

"ከመቶ ነው።"

"እኔ እንኳ በትምህርት ቤት እንዲህ አምጥቼ አላውቅም። በይ እንግዲህ፣ ሥራ ይረፍድብሻል።"

ይቺ መለኪያ ለዚህ ነገር ታታልላለች አልኳቸው። ታዲያ ውሸታም ይዘሽ የምትዞሪው ለምንድን ነው አሉኝ። ዱሚሳኒ በሩ ላይ ሆኖ ሳቁን በሳል አሳለፈው። ሰው ደክሞት እያለ እንዲህ ያለ ክርክር ሲገጥመው የሚሰማውን ነገር ያወቀ ያውቀዋል። ወንበር ባገኝ ተቀምጬ ዝም ብል ደስ ባለኝ።

ያኔ ኖክዋንዳ ድምፅዋን አውጥታ ተናገረች። ስትናገር ማንንም አላየችም፤ ሆዷን ነው ያየችው።

"ሲስተር፣ ዛሬ አልተንቀሳቀሰም። ሁልጊዜ ጠዋት ጠዋት ይራገጥ ነበር።"

የጽንስ ማዳመጫ አልያዝኩም። ጆሮዬን ሆዷ ላይ ለጠፍኩ፤ የምሰማው የራሴን ትንፋሽ ነው። አሁኑኑ ትልቁ ሆስፒታል መሄድ አለባት፣ እዚያ ንጹሕ ኦክስጅን ካልሳበች ልጁ ያልቅለታል አልኩ። አምቡላንስ ደወልኩ። ያሉት ሁለቱም ሌላ ቦታ ናቸው፣ ከቀትር በፊት አትጠብቁ ተባልኩ። ታክሲዋ ግን ደጃፍ ላይ ቆማለች። የጎደለው የማሲቢያ ቃል ብቻ ነው፤ እሳቸው ሳይሉ ኖክዋንዳ ንቅንቅ አትልም።

እሳቸውም አይሆንም አሉ። ያሉትም ለክፋት አይደለም፣ ይህን ለመናገር እወዳለሁ። ባለፈው ዓመት ኖክዋንዳ አንድ ጽንስ ወርዶባታል፤ ማሲቢያ ምክንያቱን የሚያውቁት ይመስላቸዋል። የአጎቷ ሐዘን ሳይወጣ ሠርግ ቤት ሄዳ ነበር። ባለ ሐዘንን ጨለማ ይከተላታል፤ ከፍራሿ ተነሥታ ሰው መሀል ከገባች ጨለማው መጀመሪያ የሚያርፈው በሆዷ ላይ ነው። እኛ ቤት ሁሉም ሰው የሚያውቀው ነገር ነው፣ እናቴም ታምንበት ነበር።

"ሙዚ የተወልኝ ይሄን ብቻ ነው" አሉኝ፤ ጣታቸውን ወደ ሆዷ ቀስረው። "ሌላ የለኝም። ያንን ይዘሽ ወደ ጨለማ ልትወጪብኝ ነው? ያውም ማሽኑ ደህና ናት እያለሽ?"

እኔም ተናደድኩ። ሕፃኑ የሚሞተው በጨለማ ሳይሆን በከሰል ነው ብዬ ጮህኩ። ጩኸት ለማንም ጠቅሞ አያውቅም። ማሲቢያ እጃቸውን አጣጥፈው ፊታቸውን አዞሩብኝ። ብሄድ መሄድ እችል ነበር። ክሊኒኩ በር ላይ ወረፋው አጥሩን ዞሯል፤ የሚጠብቁኝ ብዙ ናቸው። ግን ያቺን ልጅ ትቼ የምሄድበት እግር አጣሁ። ጉልበቴ እየተንቋቋ ፍራሹ ዳር መሬት ላይ ተቀመጥኩና ድምፄን ዝቅ አደረግኩ።

"ማሲቢያ፣ የታክሲ ሰው እናት ነዎት። በታክሲ ልንገርዎት" አልኩ። "ደማችን ውስጥ ሄሞግሎቢን የሚሉት ፕሮቲን አለ። ታክሲ በሉት። አራት መቀመጫ አለው።"

"አንድ ረድፍ በይኛ" አለ ዱሚሳኒ። "አራት አራት ሆናችሁ ተጠጋጉ።"

"አዎ፣ አንድ ረድፍ። ሳንባ ተራው ነው። ኦክስጅን እዚያ ይሳፈርና ልብ ጋ፣ ጭንቅላት ጋ፣ ጡንቻ ጋ ሲደርስ ይወርዳል። ጨዋ ተሳፋሪ ነው፤ መውረጃውን ያውቃል። ከሰሉ ደግሞ ሌላ ተሳፋሪ ያመጣል። አይታይም፣ አይሸትም፤ ጭሱ ሁሉ ካለቀ በኋላ ከቀዩ ፍም ነው የሚወጣው። ከኦክስጅን ጋር ከተጋፋ እሱ ነው የሚቀድመው። አንዴ ከተቀመጠ ደግሞ መውረድ የለም። ታክሲው ተራ ደርሶ ይመለሳል፣ እሱ እዚያው ነው።"

"ሰካራም ነዋ!" አለ ዱሚሳኒ። "የደመወዝ ቀን እንደሱ ዓይነት አይጠፋም። ደረስክ ስትለው ያንኮራፋል።"

"ብቻውን ቢሆን ጥሩ ነበር። አጠገቡ ያሉትንም ይይዛቸዋል። እሱ እግሩን ዘርግቶ በተኛበት ኦክስጅኖቹ ለመውረድ ይቸገራሉ። ታክሲው ሞልቶ ይሄዳል፣ ሞልቶ ይመለሳል፤ ጭንቅላት ፌርማታው ላይ ቆሞ ይጠብቃል፣ የሚወርድለት የለም።"

ማሲቢያ ቅንድባቸውን ሰበሰቡ። ማሽኑስ፣ አሉ።

ማሽኑማ በመስኮት ቆሞ የሚያይ ነው አልኳቸው። መብራት አብርቶ የደሙን ቅላት ያያል፤ መቀመጫው ተይዟል ወይስ ባዶ ነው፣ የሚለየው ይህን ብቻ ነው። ኦክስጅን ቢቀመጥበትም ደሙ ቀይ ነው፣ የከሰሉ ሰካራም ቢቀመጥበትም ቀይ ነው። ሞልቷል ይላል። ማን እንደተቀመጠ አይጠይቅም።

በተከፈተው መስኮት የሐምሌ ውርጭ ይገባል፤ ኖክዋንዳ ብርድ ልብሷን ሳበች። ከዚያ ማሲቢያ እኔ ያላሰብኩትን ጠየቁ።

"ልጁ በእናቱ ታክሲ ነው የሚሄደው ወይስ የራሱ አለው?"

"የራሱ አለው" አልኩ። ይህን ለመናገር ከብዶኝ ነበር፤ እሳቸው ካነሡት ግን አልደብቅም። "የሕፃን ደም ከእናቱ ደም ይልቅ አጥብቆ ይስባል። ካልሳበ በምን ያድጋል? ኦክስጅኑን ከእሷ የሚወስደው በዚህ ጉልበቱ ነው። ግን ክፉውንም አብሮ ይስበዋል። እሷን ቀስ በቀስ ሲለቃት፣ እሱ ጋ ይቆያል። እሷ ዳነች ሲባል እሱ ገና ነው።"

ኖክዋንዳ ባልዲውን አስቀመጠችና ሆዷን በሁለት እጇ ያዘች። አላለቀሰችም። ማሲቢያን ብቻ አየች። ያን አስተያየት እኔ ብሆን ቀና ብዬ አልችለውም ነበር።

ማሲቢያ የፍራሹን ጠርዝ ዳበሱ። "ከፍራሹ አትነሣም" አሉ በመጨረሻ።

እኔ ተስፋዬ ተሟጠጠ። ቦርሳዬን ለማንሣት እጄን ሰደድኩ።

"እሷ ካልተነሣች" አሉ ማሲቢያ፣ "ፍራሹ ይነሣ። ዱሚሳኒ፣ የኋላ ወንበሮቹን ንቀል።"

የዘመድ ሽማግሌዎቹ ምን ይላሉ ብሎ ዱሚሳኒ ሊጠይቅ ሞከረ። ሽማግሌዎቹ ገና ተኝተዋል፣ ሲነሡ ይሉታል አሉት። መፍቻውን አምጥቶ ታክሲዋ ውስጥ ገባ፤ ብሎኖቹ ዝገው ስለነበር ሲሳደብ እሰማዋለሁ። ከጎረቤት ሴቶች ጠራንና ፍራሹን በአራት ማዕዘኑ ይዘን፣ ኖክዋንዳን ራሷ ላይ ብርድ ልብስ እንደ ጣለች፣ ከነሐዘኗ አወጣናት። እግሯ መሬት አልነካም። ማሲቢያ ከኋላ ሆነው ስሟን እየጠሩ፣ ሟች ባሏ የት እንደምትሄድ እንዲያውቅ ይነግሩት ነበር። መንገደኛ ቆሞ አየ። እንዲህ ያለ ነገር ኩዋንጎዳ አይቶ አያውቅም፤ እኔም ወገቤ ዛሬ ድረስ ያመኛል።

በክሊኒኩ በኩል አለፍን። ያለችንን አንዲት የኦክስጅን ሲሊንደር ከነጭንብሏ ወሰድኩና ኖክዋንዳ ፊት ላይ አደረግኩ። ወረፋ የያዙት ሰዎች ወዴት ነው ብለው ጮኹብኝ፤ እጄን አወዛወዝኩላቸው። ማሲቢያ ወንበር በሌለበት የታክሲ ወለል ላይ ፍራሹን ይዘው ተቀምጠዋል።

"ድንኳኑ መጥቷል?" አሉኝ።

ዱሚሳኒ እኛን ካደረሰ በኋላ ያመጣዋል አልኳቸው። ትንሽ ሄድን። ድንኳኑ መጥቷል ወይ አሉኝ እንደገና። አሁን ነገርኩዎት እኮ አልኩ፤ ድምፄ ሸካራ ነበር። እርጅናና ግትርነት ሲገናኙ መድኃኒት የላቸውም ብዬ በልቤ አማኋቸው። መንገዱ ጉድጓድ ነው፤ ሲሊንደሩን በጉልበቴ ይዤ፣ ጭንብሉን በእጄ ይዤ፣ ራሴንም መያዝ አለብኝ።

"ቶኮዚሌ" አሉኝ፣ እጄን ያዝ አድርገው። "ድንኳኑ መጥቷል?"

ቶኮዚሌ እኅታቸው ናት፤ እኛ ልጆች ሳለን ነው የሞተችው። ያኔ ነው ትክ ብዬ ያየኋቸው። እሳቸውም እዚያው ክፍል ነው ያደሩት። ያውም ለምራታቸው ግድግዳውን ለቀው ለምባውላው የቀረቡት እሳቸው ነበሩ። ሲነሡ ያንገዳገዳቸው ጉልበታቸው አልነበረም። ጠዋቱን ሙሉ ስከራከር የዋልኩት ደማቸው ውስጥ ያ ሰካራም እግሩን ዘርግቶ ከተኛባቸው ሴት ጋር ነው፤ እንዲያም ሆነው ፍራሹን የማንሣቱን ነገር ያሰቡት እሳቸው ናቸው።

ጭንብሉን ከኖክዋንዳ አንሥቼ ለጥቂት ጊዜ ለእሳቸው ላደርግ ስል እጄን ገፉት።

"ሁለት ነፍስ ላላት ስጪያት" አሉ። "እኔ አንዷም በዝታብኛለች።"

ከዚያ በኋላ ስለ ድንኳኑ አልጠየቁኝም። ዱሚሳኒ ጥሩምባውን እየነፋ፣ መብራት እየጣሰ ሄደ። ወደ ሆስፒታሉ በር ስንገባ የማሲቢያ ራስ በፍራሹ ላይ ዘንበል ብሎ ነበር፤ ከዱሚሳኒ ጋር ደግፈን አወረድናቸው።

የተቀበለችን ዶክተር ፒላይ ወጣት ናት። ፈጣን ናት፣ ቃል አታባክንም፤ እንዲህ ያለ ሰው ሳገኝ ሸክሜ ይቀልልኛል። የከሰሉን ነገር ገና ሳልጨርስ ጣት ላይ የሚቆነጠጠውን ወደ ጎን ትታ ከሁለቱም ደም ቀዳች። ውጤቱ ሲመጣ ከኖክዋንዳ ሄሞግሎቢን አንድ አራተኛው በዚያ ሰካራም፣ በካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ተይዟል። የማሲቢያ ከሲሶ ያልፋል። ዶክተሯ ወረቀቱን ሁለቴ አየችው፤ እኚህ ሴትዮ እንዴት ቆመው ሄዱ አለችኝ። አልቆሙም፣ እየተከራከሩ ነው የመጡት አልኳት።

ሁለቱንም ጎን ለጎን አስተኛቻቸውና ፊታቸው ላይ ጥብቅ የሚል ጭንብል አደረገች። የኖክዋንዳን ፍራሽ ከነብርድ ልብሱ በሆስፒታሉ አልጋ ላይ አነጠፍነው፤ ነርሶቹ አጉረመረሙ፣ ዶክተሯ ተዉአቸው አለች። ከዚያ የጽንሱን ልብ አዳመጠች። ይመታል። ግን ፊቷ አልተፈታም። ወደ ኮሪደሩ ወስዳ እንደነገረችኝ አመታቱ ደስ አላላትም፤ ፈጣንና ደረቅ ነው፣ ከፍ ዝቅ አይልም። ኦክስጅኑ ከእናቱ ደም ሰካራሙን ያወርዳል፣ ከእሱ ደም እስኪያወርድ ግን ረጅም ሰዓት ነው። ካልተሻለው በቀዶ ሕክምና ይወጣል፤ በሰባት ወሩ፣ እንዲህ ተጎድቶ ከወጣ ደግሞ ተስፋ አልሰጥም አለች። ለማንኛውም እናትየዋ እስከ ነገ ከሰዓት አትወጣም።

ነገ ቀብሩ ነው።

ይህን ለኖክዋንዳ የነገርኳት እኔ ነኝ፤ ሁልጊዜም እንዲህ ያለውን የምናገር እኔ ነኝ። ጭንብሉን ከፊቷ ገፋችው። ሬሳው ዛሬ ቤት ሲገባ ማን ይቀበለዋል፣ ባዶ ክፍል ነው ወይ የሚጠብቀው፣ ልሂድና ልመለስ፣ አንዲት ሌሊት ብቻ አለች። ጭንብሉን መለስኩላት። ገፋችው። ሁለታችንም እንደ ልጆች ተጓተትን። ማሲቢያ ከአጠገቧ አልጋ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ዱሚሳኒ ኮፍያውን በእጁ እያሽከረከረ እግርጌዋ ቆሟል።

"ስሚኝ ማኮቲ" አላት፤ ሙዚ ካገባት ጀምሮ የሚጠራት በዚህ ነው፣ ሙሽራዬ እንደማለት። "ሙዚ ታክሲው ሳይሞላ ከተራ ተንቀሳቅሶ ያውቃል? አንድ ሰው ጎድሎት እንኳ ሰዓት ሙሉ ሲያስጠብቀን አልነበረም? ይጠብቃል።"

ኖክዋንዳ መሳቅም ማልቀስም አቃታት። ጭንብሉን ግን ተወችው።

ቀብሩ ለሚቀጥለው ቅዳሜ ይሁን ብንል ሽማግሌዎቹ በስልክ ተነሡብን። በሬው ታርዷል፣ ዘመድ ከሩቅ እየመጣ ነው፣ እንዴት ቀብር በሳምንት ይገፋል፣ ደግሞ ባለ ሐዘንን ከነፍራሿ በታክሲ ማን ጫናት አሉ። ዱሚሳኒ ስልኩን ከጆሮው አርቆ ያዘው፤ እኔ ዘንድም ይሰማል። ማሲቢያ እጃቸውን ዘረጉና ስልኩን ተቀበሉ። ጭንብላቸውን ዝቅ አደረጉ።

"የወለድኩት እኔ ነኝ" አሉ። "የሚቀበርበትንም ቀን የምናገር እኔ ነኝ።" ስልኩን መልሰው ሰጡት።

ከሰዓት በኋላው አላልቅ አለ። ክሊኒክ ደውዬ ዛሬ አትጠብቁኝ አልኩና ተቆጡኝ። የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጬ ጫማዬን አወለቅኩ። ከኖክዋንዳ ሆድ ላይ ዓይኔን ማንሣት አልቻልኩም፤ አይንቀሳቀስም። ምን ያህል ሕፃን እንዳዋለድኩ አላውቅም፣ ምን ያህል እንደቀበርኩም አልቆጠርኩም፣ ግን መልመድ የሚባለው ነገር ውሸት ነው። ልምድ ያለው እግር ላይ ብቻ ነው፤ እሱም ያብጣል።

የማሲቢያ አእምሮ ግን በየሰዓቱ እየጠራ መጣ። መጀመሪያ ስሜን በትክክል ጠሩኝ። ቀጥለው የደም ግፊት ክኒኔን ረስቼ መጣሁ አሉ። ቀጥለው ወንበር ላይ አቀማመጤን ነቀፉ፤ ጫማሽን አድርጊ፣ ሰው ቤት ነው ያለሽው አሉኝ። ዶክተር ፒላይ ደማቸውን እንደገና አስመረመረች። ንጹሕ ነው፣ ወርዶላቸዋል አለችኝ። ወደ ቤት ልሂድ ማለት ጀመሩ፤ የእሳቸው ጭንብል ተነሣ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ዶክተሯ የጽንስ ማዳመጫውን ይዛ ተመለሰች። ማታ ከመድረሱ በፊት መወሰን አለባት፤ ማናችንም አልተናገርነውም እንጂ ሁላችንም አውቀናል። ኖክዋንዳ ሆዷን ገለጠች። ዶክተሯ ቀዝቃዛውን ቅባት አደረገችና ማዳመጫውን አንሸራተተች። መጀመሪያ ፉጨት ብቻ ነበር። ከዚያ ልቡ ተሰማ፤ ድምፁ ክፍሉን ሞላው። ዶክተሯ ዓይኗን በሰዓቷ ላይ ተክላ ብዙ ቆየች። ሲፈጥን ሰማሁት፣ ሲረጋም ሰማሁት። ከፍ ዝቅ ይላል። ከዚያ ማዳመጫው በእጇ ላይ ዘለለ፤ ልጁ ረግጦት ነው።

"እህ!" አለች ኖክዋንዳ።

ዶክተር ፒላይ ፊቷ ተፈታ። ቀዶ ሕክምና የለም፣ አለች፤ ጭንብሉ እስከ ነገ አይነሣም፣ ልጁ ግን ተመልሷል። ዱሚሳኒ ወደ መስኮቱ ዞረ። እኔ ምን እንዳደረግኩ አላስታውስም። ማሲቢያ ከአልጋቸው ወርደው በባዶ እግራቸው መጡ፣ ኖክዋንዳ እጃቸውን ይዛ ሆዷ ላይ አደረገችው። ልጁ እንደገና ረገጠ። የማሲቢያ ፊት በራ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ሳውቃቸው እንዲህ ሲበራ አላየሁም።

"ዱሚሳኒ" አሉ፣ እጃቸውን ሳያነሡ። "ሂድ ሙዚን ጥራልኝ። መጥቶ ይስማ።"

ማንም አልተንቀሳቀሰም። ልቡ ብቻ ይመታል። ዶክተሯ ደነገጠችና ዓይኗን ወደ እኔ አዞረች፣ ከሰሉ ነው ወይ የምትል ትመስላለች። ከሰሉ አልነበረም። ደማቸው ጠርቷል፤ በከሰሉ ላመካኝ ብል በምን አፌ።

ማሲቢያ ፊታችንን አንድ በአንድ አዩ። ከዚያ ከእሑድ ጀምሮ ያልመጣው እንባ መጣ። የኖክዋንዳ ፍራሽ ጠርዝ ላይ ተደፉ፤ ኖክዋንዳ ጭንብሏን እንዳደረገች ራሳቸውን ወደ ደረቷ ሳበች። እኔ ጫማዬን ሳላደርግ ተነሥቼ ከኋላ ወገባቸውን ያዝኩ። እንዳይወድቁ ነው የያዝኳቸው፤ ብዙ አለቀሱ፣ ሲበቃቸው እስኪነሡ ድረስ አልለቀቅኳቸውም።